ድራይ፣ ሶሊድ፣ ቲዲዲ፣ ሲአይ... የቱ የምር ይጠቅማል? የቱ የኢንተርቪው ወሬ ነው?

ሀ_ብሎ_ኮደር

ሰላም ለሁላችሁም። ፓይተንና ጃቫስክሪፕት በራሴ ነው የተማርኩት፣ ቪዲዮ እያየሁ ምናምን፣ ትንንሽ ነገሮች እሰራለሁ፣ ይሰራሉም። አሁን ግን ከሌሎች ሰዎች ጋር አንድ ፕሮጀክት ላይ ገባሁና ኮዴን በላክሁ ቁጥር ከሚመጣልኝ አስተያየት ግማሹ አይገባኝም። «ይሄ ድራይ አይደለም»፣ «ኮሚቱን ከፋፍለው»፣ «ቴስቱስ የታለ?»፣ «ይሄ ክላስ ብዙ ኃላፊነት ተሸክሟል፣ ሶሊድ አንብብ»። እሺ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ሶሊድ፣ ኪስ፣ ያግኒ፣ ቲዲዲ፣ ዲዲዲ፣ አጃይል፣ ስክረም፣ ሲአይሲዲ፣ ዶከር፣ ኩበርኔቲስ... ማለቂያ የለውም፣ እያንዳንዱ ጽሁፍ ደግሞ የኔ ካልተደረገ ጉድ ይፈላል ነው የሚለው። ኮዱ እኮ ይሰራል! የትኛው ነው በየቀኑ የሚያስፈልገው፣ የትኛው ነው ኢንተርቪው ላይ ብቻ የሚወራው? ከየት እንደምጀምር ብትነግሩኝ

ኑል_ፖይንተር

ግማሹ ወሬ ነው ብሮ። ስራህን ቀጥል 😂

ማሂ_ባክኤንድ

ኑል ተው እንጂ ልጁ የምሩን ነው የጠየቀው።

@ሀ_ብሎ_ኮደር እነዚህን ነገሮች እንደ ሕግ ዝርዝር ካየሃቸው አያልቁልህም። እያንዳንዳቸው የሆነ ቡድን የሆነ ነገር ክፉኛ ካስቸገረው በኋላ ያመጣቸው መፍትሄዎች ናቸው። ስለዚ ስሙን ስትሰማ መጀመሪያ «ምን ቸግሯቸው ነው ይሄን ያመጡት?» በል፣ ያ ችግር አንተ ጋ ካለ ቁጭ ብለህ ተማረው፣ ከሌለ ስሙን ብቻ እወቀውና እለፍ። ኮዱ ይሰራል ያልከው ደግሞ ልክ ነህ ዛሬ ይሰራል። ሪቪው የሚያደርጉልህ ሰዎች የሚያስቡት ግን ሌላ ነው፣ ከስድስት ወር በኋላ አንተ በሌለህበት ሌላ ሰው ገብቶ ሌላ ነገር ሳይሰብር ሊቀይረው ይችላል ወይ ነው።

ከየት ልጀምር ላልከው ያለምንም ክርክር ጊት ነው፣ የኮድ ለውጥ ታሪክ የሚይዘው መሳሪያ። አድ ኮሚት ፑሽ ማለት ብቻ አይደለም የምልህ፣ ታሪኩን ማንበብና ማስነበብ። ጊት ራሱ ከችግር ነው የመጣው፣ የሊነክስ ከርነል ሰዎች ቢትኪፐር የሚባል የግል ኩባንያ ሶፍትዌር በነጻ ይጠቀሙ ነበር፣ በ2005 ነጻው ፈቃድ ተነሳባቸው፣ የሊነክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ በዛው ሚያዝያ ወር ጊትን መጻፍ ጀመረና በቀናት ውስጥ የጊት ኮድ ራሱ በጊት መያዝ ጀመረ። በሺ የሚቆጠሩ የማይተዋወቁ ሰዎች አንድ ኮድ ላይ ሲሰሩ ማን ምን ለምን ቀየረ የሚለው እንዳይጠፋ ተብሎ የተሰራ ነገር ነው።

አሁን «ኮሚቱን ከፋፍለው» ለምን እንደሚሉህ ላሳይህ፣ ኮሚት ማለት ጊት ላይ የምትመዘግበው አንድ ለውጥ ነው። ጠቅላላ ድምር የሚያሰላው ቦታ ተበላሽቷል እንበል፣ ከወር በፊት የነበረው ቨርዥን ላይ ግን ልክ ነበር፣ በመሃል 1000 ኮሚት አለ። አንድ በአንድ ልታይ ነው? ጊት ባይሴክት የሚባል ትዕዛዝ አለ፣ አሁን ያለውን «ባድ» የድሮውን «ጉድ» ትለዋለህ፣ መሃል ላይ ያለውን ያወጣልህና ትሞክረዋለህ፣ ከተበላሸ ባድ፣ ካልተበላሸ ጉድ፣ ከዛ የቀረውን ደግሞ ለሁለት ይከፍላል። 1000 የነበረው 10 ጊዜ አካባቢ ሞክረህ አንዱ ኮሚት ላይ ያደርስሃል። ቴስት ካለህማ «ጊት ባይሴክት ረን» ብለህ ሂደህ ሻይህን መጠጣት ነው እሱ ራሱ ያገኘዋል። አሁን ያገኘው ኮሚት 40 ፋይል የሚነካና መልዕክቱ «አንዳንድ ማስተካከያ» የሚል ከሆነስ? ምንም አላገኘህም እኮ። 6 መስመር የነካ ኮሚት ከሆነ ግን ባጉ ፊትህ ተቀምጧል።

መልዕክቱ ላይም «ፊክስ» አትበል፣ ምን እንደቀየርክማ ዲፉ (የድሮውና የአዲሱ ኮድ ልዩነት) ያሳያል፣ አንተ ጻፍ የሚባለው ለምን እንደሆነ ነው። «ዝርዝሩ ባዶ ሲሆን አማካዩ በዜሮ ማካፈል ውስጥ ስለሚገባ ቀድሞ ማጣራት» ብትል ከአመት በኋላ ጊት ብሌም የሚያደርገው (መስመሩን ማን መቼ እንደቀየረው የሚያየው) ሰው ያመሰግንሃል። ያ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ራስህ ነህ

ባዶ_ስትሪንግ

ማሂ ያለችው ላይ +1። እኔ ድራይ («ራስህን አትድገም» የሚለው መርህ) ላይ ነው ማውራት የምፈልገው ምክንያቱም እንደሱ በስህተት የሚነገር ነገር የለም፣ ሁሉም ጀማሪ መጀመሪያ የሚሰማው እሱን ነው፣ ከዛ ሁለት ተመሳሳይ መስመር ባየ ቁጥር እጁ ይበላዋል።

ምሳሌ ልስጥህ። የተጠቃሚ ስም የሚያጣራ ፈንክሽን አለህ፣ ባዶ አይሁን ከ50 ፊደል አይብለጥ ይላል። የእቃ ስም የሚያጣራም አለህ፣ እሱም ባዶ አይሁን ከ50 አይብለጥ። አንዱ ሪቪወር መጥቶ «ይሄ ድራይ አይደለም» አለህ፣ ሁለቱን አንድ አደረግካቸው፣ ስም_አጣራ(ስም)፣ ተባረክ። ከወር በኋላ የእቃ ስም ቁጥርና ሰረዝ ይፈቀድለት ተባለ፣ ፓራሜትር ጨመርክ። ከዛ የእቃ ስም እስከ 120 ይሁን ተባለ። ከዛ የተጠቃሚ ስም ባዶ መሆን ይችላል እንግዳ ከሆነ ተባለ። አሁን ፈንክሽኑ ሲጠራ እንዲህ ነው የሚመስለው፦

ስም_አጣራ(ስም፣ እቃ_ነው=ፎልስ፣ ቁጥር_ፍቀድ=ፎልስ፣ ከፍተኛ=50፣ ባዶ_ፍቀድ=ትሩ፣ አሮጌ_ደንብ=ትሩ)

ውስጡ ኢፍ በኢፍ ሆኗል። ማንም አይነካውም፣ ምክንያቱም ለእቃ ሲነኩት የተጠቃሚ ምዝገባ ይሰበራል። መጀመሪያ ላይ ሁለት ሶስት ሶስት መስመር የሆኑ ፈንክሽኖች ነበሩ እኮ!! የተመሳሰሉት በአጋጣሚ ነው፣ አንዱ ስለ ሰው ነው የሚያወራው ሌላው ስለ እቃ፣ መቼም አብረው ሊቀየሩ የሚችሉበት ምክንያት አልነበራቸውም

ኑል_ፖይንተር

ይኸው! እኔ ያልኩት እኮ ይሄን ነው ግማሹ ወሬ ነው 😎

ማሂ_ባክኤንድ

> ግማሹ ወሬ ነው

ድራይ ወሬ ሆኖ አይደለም ኑልዬ፣ በትክክል ስላልተነገረ ነው። ሃሳቡን በ1999 ያመጡት አንዲ ሃንትና ዴቭ ቶማስ እኮ ሲናገሩ ስለ እውቀት ነው የተናገሩት፣ አንድ እውቀት በሲስተሙ ውስጥ አንድ ቦታ ብቻ ይኑረው ነው፣ ሁለት መስመር አይመሳሰል አላሉም። ለምሳሌ ሊንኩ በ30 ደቂቃ ያልቃል የሚል ደንብ አለህ፣ ባክኤንዱ 30 ብሎ ጽፎታል፣ ፍሮንትኤንዱ ላይ የሚቆጥረው ሰዓት 30 ብሎ ጽፎታል፣ ኢሜይሉ ላይ «በ30 ደቂቃ ውስጥ ይጫኑ» ይላል። እነዚህ ሶስቱ ኮዳቸው በፍጹም አይመሳሰልም፣ ግን ድራይን የጣሱት እነሱ ናቸው፣ ምክንያቱም ነገ አንድ ሰው ባክኤንዱን 15 ያደርገውና ኢሜይሉ መዋሸት ይጀምራል።

ሀ_ብሎ_ኮደር

ኧረ ይሄ በጣም ግልጽ ነው አመሰግናለሁ 🙏 ግን ታዲያ ሁለት ተመሳሳይ ነገር ሳይ መቼ ነው አንድ ላይ የማደርጋቸው? ሪቪወሩ ድራይ አይደለም ሲለኝስ ምን ልበለው

ባዶ_ስትሪንግ

«ይሄኛው ሲቀየር ያኛውም የግድ አብሮ ይቀየራል ወይ?» ብለህ ጠይቅ። ራስህን ጠይቅ፣ ሪቪወሩንም ጠይቀው። መልሱ አዎ ከሆነ አዋህዳቸው፣ እርግጠኛ ካልሆንክ ሶስተኛው እስኪመጣ ጠብቅ፣ ሶስተኛው ሲመጣ የትኛው ክፍል እውነት የጋራ እንደሆነ ይታይሃል። ሁለት ቦታ የተደገመ ኮድን አንድ ማድረግ የአስር ደቂቃ ስራ ነው፣ በስህተት የተዋሃደን ኮድ መለያየት ግን የሚጠሩትን ቦታዎች ሁሉ እየዞሩ መፍታት ነው

ያግኒም እዚሁ ነው የሚመጣው፣ «ወደፊት ያስፈልግ ይሆናል» እያልክ አትጻፍ ነው ነገሩ፣ ሲያስፈልግ ትጽፈዋለህ። ከኤክስትሪም ፕሮግራሚንግ ሰዎች የመጣ ነው። ሶሊድን ደግሞ አሁን አምስቱንም መርሆች በቃልህ አትያዝ፣ የመጀመሪያው ብቻ በየቀኑ ይጠቅምሃል፣ አንድ ክላስ የሚቀየርበት ምክንያት አንድ ይሁን የሚለው። ሪፖርት የሚያሰላውና ሪፖርቱን ፒዲኤፍ የሚያደርገው አንድ ክላስ ከሆነ የሂሳብ ሰው ሲጠይቅም ዲዛይነር ሲጠይቅም እሱኑ ነው የምትነካው። የቀሩት አራቱ ትልቅ የኦብጀክት ኦሪየንትድ ኮድ ውስጥ ስትገባ ራሳቸው ይመጣሉ

ኑል_ፖይንተር

እሺ ቀልዱን ትቼ ላውራ። እኔ የሚያናድደኝ ሰው ገና ምንም ተጠቃሚ የሌለው ነገር ላይ ኩበርኔቲስ (ብዙ ሰርቨር ላይ ፕሮግራሞችን የሚያስተዳድር ሲስተም) ሲያሰማራ ነው፣ ሶስት ሰርቪስ መሃል ኪው፣ ኪው መሃል ካሽ፣ ለምን ስትለው «ስኬል እንዲያደርግ»። ምኑ ነው ስኬል የሚያደርገው?? የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ዶናልድ ክኑዝ በ1974 የጻፈው አለ፣ ጥቃቅን ፍጥነት ማሳደጊያዎችን ለ97% ያህሉ ጊዜ እንርሳቸው ያለው። ሰው ግን ይቺን ጥቅስ ይዞ «ስለ ፍጥነት አታስብ» ይላል፣ ክኑዝ እኮ እዛው ቀጥሎ ቀሪውን 3% እንዳታሳልፉት ነው ያለው፣ የትኛው 3% እንደሆነ ደግሞ በግምት አይታወቅም መለካት አለብህ። ፕሮፋይለር (ኮዱ የት ጊዜ እንደሚፈጅ የሚለካ መሳሪያ) አስነሳ። ብዙ ጊዜ ችግሩ ሉፕ ውስጥ የተቀመጠ የዳታቤዝ ጥያቄ ሆኖ ነው የሚገኘው፣ 200 ሰው ዝርዝር ለማሳየት 201 ጊዜ ዳታቤዝ ይጠይቃል። እሱን አንድ ጆይን ይፈታዋል ኩበርኔቲስ አይፈታውም።

ዶከር (ፕሮግራሙን ከሚያስፈልገው ሁሉ ጋር አንድ ላይ የሚያሽገው) ግን ጥሩ ነው ተማረው፣ «እኔ ማሽን ላይ ይሰራል» የሚለውን ጭቅጭቅ ይቀንሳል

የሌሊት_ዲፕሎይ

ኦፕስ ላይ የምሰራ ሰው ነኝ፣ ሁላችሁም ስለ ኮድ ነው የምታወሩት፣ ኮዱ ሰርቨር ላይ እንዴት እንደሚደርስ ማንም አላነሳም። ሲአይሲዲ (ኮዱን በራሱ የሚፈትሽና ሰርቨር ላይ የሚጭን አሰራር) ለምን አስፈለገ ለሚለው የናይት ካፒታልን ታሪክ የማያውቅ ካለ እነሆ ብያለሁ።

የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ላይ የሚሰራ ድርጅት ነበር፣ ኦገስት 1 ቀን 2012። አዲስ ኮድ 8 ሰርቨር ላይ መጫን ነበረበት፣ በእጅ ነበር የሚጫነው፣ 7ቱ ላይ ተጫነ አንዱ ተረሳ። ሁለተኛ ሰው አላየውም፣ ይየው የሚል አሰራርም አልነበረም። ይሄ ብቻ ቢሆን ምናልባት በሰላም ያልፍ ነበር። ግን አዲሱ ኮድ የሚበራበት ፍላግ (ማብሪያ ማጥፊያ) አዲስ ፍላግ አልነበረም፣ ከዘመናት በፊት ስራ ላይ መዋል ያቆመ ፓወር ፔግ የሚባል ኮድ ይበራበት የነበረውን ፍላግ ነው መልሰው የተጠቀሙት። አሮጌው ኮድ ደግሞ አልተሰረዘም ነበር። ስለዚ ፍላጉ ሲበራ 7ቱ ሰርቨር አዲሱን ስራ ጀመሩ፣ ስምንተኛው የሞተውን ኮድ ቀስቅሶ ትዕዛዝ በትዕዛዝ ገበያው ላይ መርጨት ጀመረ። 45 ደቂቃ። ከ440 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከሰሩ።

እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ክፍል ግን ይሄ ነው፣ ችግሩን ለማስተካከል ሲሯሯጡ አዲሱ ኮድ ነው ያበላሸው ብለው ከ7ቱ ሰርቨሮች ላይ አነሱት። አሁን 8ቱም አሮጌውን ኮድ ማስኬድ ጀመሩ። ሌላው ደግሞ ገበያው ከመከፈቱ በፊት ሲስተሙ ፓወር ፔግን የሚጠቅሱ 97 ኢሜይል ለሰራተኞች ልኮ ነበር፣ እንደ ማስጠንቀቂያ ስላልተዘጋጁ ማንም ልብ አላላቸውም።

እስቲ ቁጠሩት፣ የሞተ ኮድ አለመሰረዝ፣ ፍላግን ለሌላ ስራ መጠቀም፣ በእጅ ዲፕሎይ ማድረግ፣ ምን እንደተጫነ የሚያረጋግጥ ነገር አለመኖር፣ ማንም የማያነበው አለርት፣ ሮልባክ (ወደ ድሮው ኮድ መመለስ) ቀድሞ አለመለማመድ። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ «ኋላ እናስተካክለዋለን» የሚባል ነገር ነው

ሀ_ብሎ_ኮደር

ዋው። 45 ደቂቃ??

የሌሊት_ዲፕሎይ

አዎ። ባክአፕም ላይ ልጨምርልህ መቼም ጀምሬያለሁ። ጊትላብ (የሰዎችን ኮድ የሚያስቀምጥ ድርጅት) ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 ላይ አንድ ኢንጂነር ሪፕሊካው (የዳታቤዙ ቅጂ) ላይ ነኝ ብሎ ዋናው ዳታቤዝ ሰርቨር ላይ ዳይሬክተሪውን አጠፋው። ሰው ነው ያጋጥማል። ከዛ ወደ ባክአፕ ሲሄዱ በየቀኑ ይወሰዳል የተባለው ባክአፕ ባዶ ሆኖ ተገኘ፣ ባክአፑን የሚወስደው መሳሪያ ከዳታቤዙ ጋር ቨርዥኑ ስለማይገጥም ሁልጊዜ ይከሽፍ ነበር፣ ከሽፏል የሚለው ኢሜይል ደግሞ በኢሜይል ደህንነት ማጣሪያ ተመልሶ ማንም ጋ አይደርስም ነበር። ያዳናቸው አንድ ሰው ለሌላ ስራ ብሎ ከ6 ሰዓት በፊት ያነሳው ስናፕሾት (የዛች ሰዓት የዳታ ቅጂ) ነው፣ የዛን 6 ሰዓት ዳታ ግን አጡት። ይሄን ሁሉ እናውቃለን ምክንያቱም እነሱ ራሳቸው ሳይደብቁ ጻፉት፣ እንደውም ሲመልሱ በቀጥታ ቪዲዮ ያስተላልፉ ነበር፣ ማንንም ሰው አላባረሩም። ፖስትሞርተም ማለት እሱ ነው፣ ማን አጠፋ ሳይሆን እንዴት ሊጠፋ ቻለ ተብሎ የሚጻፍ።

ስለዚ ባክአፕ አለኝ አትበል፣ መልሰህ አስነስተህ ካላየኸው የለህም

ሰላም_ኪውኤ

ቴስት ላይ እኔ ልግባ ስራዬ ስለሆነ 😅

@ሀ_ብሎ_ኮደር መጀመሪያ ቲዲዲን ተወው። ቴስቱን ቀድሞ መጻፍ ጥሩ ልምምድ ነው ግን ቴስት መጻፍ ላልለመደ ሰው ሁለት ከባድ ነገር በአንዴ ነው። በዚህ ጀምር፣ ባግ ሲመጣልህ ኮዱን ከመንካትህ በፊት ያን ባግ የሚያሳይ ቴስት ጻፍ፣ አስኪደው፣ መውደቁን በአይንህ እይ። ከዛ ኮዱን አስተካክል፣ ሲያልፍ አብረህ ኮሚት አድርግ። መውደቁን ማየት ወሳኝ ነው፣ ሲወድቅ አይተኸው የማታውቀው ቴስት ምንም እየፈተሸ ላይሆን ይችላል። በዚህ መንገድ ስትሄድ ቴስቶችህ የሚበዙት እውነት ባግ የሚበዛበት ቦታ ላይ ይሆናል።

ምን ልፈትሽ ላልከው (አላልክም ግን ትላለህ) ዳር ዳሩን። ባዶ ዝርዝር፣ አንድ ነገር ብቻ ያለው ዝርዝር፣ ዜሮ፣ ኔጌቲቭ፣ የወሩ የመጨረሻ ቀን፣ ፌብሩዋሪ 29፣ በጣም ረጅም ጽሁፍ፣ ከላቲን ውጪ በሆነ ፊደል የተጻፈ ጽሁፍ። መሃሉ ብዙ ጊዜ ይሰራል።

ከቨሬጅ ቁጥር (ቴስቱ ስንት ከመቶ ኮድ እንዳስኬደ) አያታልልህ። 100% ከቨሬጅ ያለው ግን አንድም አሰርት የሌለው ቴስት አይቻለሁ፣ ኮዱን ይጠራዋል ያልቃል፣ ምንም አያረጋግጥም። አንዳንዴ እየወደቀ አንዳንዴ የሚያልፍ ቴስት ካለ ደግሞ ወይ አስተካክለው ወይ አጥፋው፣ ሰው «ድጋሚ አስነሳው ያልፋል» ማለት ከጀመረ እውነተኛው ሲወድቅም እንደዛው ነው የሚለው።

እና ደግሞ «ይሄ ኮድ ሌላ ፕሮጀክት ላይ ለዓመታት ሰርቷል ቴስት አያስፈልገውም» የሚል ሰው ሲያጋጥምህ አሪያን 5ን ንገረው። ጁን 4 ቀን 1996 የአውሮፓ ሮኬት ተነስቶ 37 ሰከንድ አካባቢ ላይ አቅጣጫውን ስቶ ፈነዳ። የአቅጣጫ መለኪያው ሶፍትዌር ከአሪያን 4 እንዳለ የተወሰደ ነው፣ አሪያን 4 ላይ ችግር አልነበረበትም። አሪያን 5 ግን ወደ ጎን ያለው ፍጥነቱ ከፍ ያለ ነበር፣ 64 ቢት የሆነውን ቁጥር 16 ቢት ውስጥ ለመክተት ሲሞክር ሞልቶ ፈሰሰ። መጠባበቂያ ኮምፒውተርም ነበረው ግን ያው ራሱ ሶፍትዌር ነው የተጫነበት በዛው ምክንያት ቀድሞ ወደቀ። በጣም የሚያበሳጨው ያ የሂሳብ ስራ ሮኬቱ ከተነሳ በኋላ አሪያን 5 ላይ ምንም ጥቅም አልነበረውም፣ ከድሮው የቀረ ነው። በአዲሱ ሮኬት የበረራ መስመር አንዴ ቢሞክሩት ይገኝ ነበር

ባዶ_ስትሪንግ

የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ዳይክስትራም ብሎታል እኮ፣ ቴስት ባግ መኖሩን ያሳያል እንጂ አለመኖሩን አያሳይም

ሰላም_ኪውኤ

አዎ ይሄን ጥቅስ ግን ቴስት መጻፍ የማይፈልጉ ሰዎች ናቸው በብዛት የሚጠቅሱት 🙃

ከርሊ_ብሬስ

አጃይልና ስክረም ላይ ማንም አልመለሰለትም። በአጭሩ፣ በፌብሩዋሪ 2001 ስኖውበርድ ዩታ ላይ 17 ሰዎች ተሰብስበው የአጃይል ማኒፌስቶ የሚባል አንድ ገጽ የማይሞላ ነገር ጻፉ፣ ጭብጡ የሚሰራ ሶፍትዌር ቶሎ ቶሎ አሳዩ ከተጠቃሚው ጋር ተነጋገሩ ሲቀየር ተቀየሩ ነው። የየቀኑ ስታንድአፕ፣ ስቶሪ ፖይንት፣ ስፕሪንት ምናምን እዛ ገጽ ላይ የሉም። ስክረም የራሱ ዘዴ ነው ከዛም በፊት ነበር። ስታንድአፑ 45 ደቂቃ ከሆነና ሁሉም ለአለቃው ሪፖርት የሚያደርግ ከሆነ ስሙን ምንም በለው አጃይል አይደለም። ዋተርፎል (አንዱ ደረጃ ሙሉ በሙሉ ሳያልቅ ወደ ቀጣዩ የማይሄድ አሰራር) የሚባለውም ቢሆን አባቱ ነው የሚባለው ዊንስተን ሮይስ በ1970 ባወጣው ጽሁፍ እንደዛ አንዴ ከላይ ወደ ታች መሄድ አደገኛ ነው ብሎ ነው ያስጠነቀቀው፣ ሰው ስዕሉን አይቶ ጽሁፉን ሳያነብ ሄደ።

አንተ ቡድንህ የሚያደርገውን አድርግ ይሄ አሁን ያንተ ራስ ምታት አይደለም

ኑል_ፖይንተር

ላይብረሪ ላይም አንድ ነገር፣ ትንሽ ነገር ሁሉ ከኤንፒኤም (የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ ማከማቻ) አታውርድ። በማርች 2016 ሌፍትፓድ የምትባል 11 መስመር ኮድ፣ ስራዋ ጽሁፍ በግራ በኩል ክፍተት መሙላት፣ ባለቤቱ ከኤንፒኤም ሲያነሳት የስንቱ ፕሮጀክት ቢልድ ወደቀ፣ ሪአክትና ባቤልን የሚጠቀም ሁሉ። ሎክ ፋይሉን (የላይብረሪዎቹን ትክክለኛ ቨርዥን የሚይዘውን) ኮሚት አድርግ፣ ዲፔንደንሲ ስትጨምር መቼ ለመጨረሻ ጊዜ እንደተነካ ማን እንደያዘው እይ። ይሄ ብቻውን አያድንህም፣ ኤክስዜድ (ፋይል የሚጨምቅ ሶፍትዌር) ላይ በ2024 የገባው ባክዶር (ስውር መግቢያ) እኮ ለዓመታት አመኔታ ባተረፈ ሜንቴነር (ኮዱን የሚያስተዳድር ሰው) ነው የገባው፣ የተገኘውም አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል ሰው በኤስኤስኤች (ከርቀት ሰርቨር መግቢያ) መግባት ግማሽ ሰከንድ ዘገየብኝ ብሎ ስለቆፈረ ነው። ግማሽ ሰከንድ! እኔ ብሆን ኢንተርኔቱ ነው ብዬ አልፍ ነበር

ሀ_ብሎ_ኮደር

በጣም ብዙ ተማርኩ እግዜር ይስጥልኝ። የመጨረሻ ጥያቄ፣ ሪቪው ላይ። አሁን የላክሁት ፒአር (ለሪቪው የሚላክ የኮድ ለውጥ) ላይ ብዙ አስተያየት ነው ያለው፣ ግማሹ ስለ ክፍተትና ስለ ቅንፍ ነው፣ ከፋፍለው ተብያለሁ እንዴት እንደምከፋፍለው ግን አልገባኝም። ስራው እንዲህ ነው፣ ተጠቃሚዎች ቴብል ላይ «ስልክ» የሚል አንድ ኮለም ነበር፣ አሁን አንድ ሰው ብዙ ስልክ ሊኖረው ይችላል ስለተባለ «ስልኮች» የሚል አዲስ ቴብል ሰርቼ ዳታውን አዛውሬ አሮጌውን ኮለም አጥፍቼ ኮዱን ሁሉ ቀይሬያለሁ። ሁሉም አንድ ላይ ካልሄደ እኮ አይሰራም

ማሂ_ባክኤንድ

የክፍተትና የቅንፍ ጉዳይ ሰው ሊያወራበት አይገባም፣ ለፓይተን ብላክ ወይ ረፍ ለጃቫስክሪፕት ፕሪቲየር ጫኑና ሲአይ ላይ አስገቡት፣ ክርክሩ በዛው ያበቃል። ፎርማት የማድረጉ ስራ ግን ለብቻው ፒአር ይሁን፣ ከሌላ ለውጥ ጋር ከቀላቀልከው 600 መስመር ዲፍ ውስጥ እውነተኛዋን 8 መስመር ማንም አያገኛትም።

ስልኩ ላይ፣ ሁሉም አንድ ላይ ካልሄደ አይሰራም ያልከው ነው ችግሩ። ዲፕሎይ ሲደረግ ለጥቂት ጊዜም ቢሆን አሮጌው ኮድና አዲሱ ኮድ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። አዲሱ ማይግሬሽን (የዳታቤዙን ቅርጽ የሚቀይረው ስክሪፕት) ኮለሙን አጥፍቶታል፣ አሮጌው ኮድ ኮለሙን ይፈልጋል፣ በዛች ሰዓት የገባ ተጠቃሚ ሁሉ ኤረር ያያል። ሮልባክ ብታደርግ ደግሞ የሚመለሰው ኮድ የሌለ ኮለም ያነባል። ስለዚ እንዲህ ከፋፍለው፦

መጀመሪያ አዲሱን ቴብል የሚፈጥር ማይግሬሽን ብቻ፣ ማንም አይጠቀምበትም ማንንም አይጎዳም። ቀጥሎ ስልክ በተመዘገበ ቁጥር ሁለቱም ቦታ የሚጽፍ ኮድ፣ ማንበቡ ግን ገና ከአሮጌው ነው። ሶስተኛ የድሮውን ዳታ የሚያዛውር ስክሪፕት፣ በትንሽ በትንሹ በ1000 በ1000 ረድፍ ይሂድ ቴብሉን እንዳይቆልፍ፣ መሃል ላይ ቢቋረጥ ድጋሚ ሲነሳ የተዛወረውን እንዳይደግም አድርገው። አራተኛ ማንበቡን ወደ አዲሱ የሚቀይር። እዚህ ላይ ቆም በል፣ ጥቂት ቀን ይቆይ፣ ችግር ካለ አራተኛውን ብቻ ሪቨርት ታደርጋለህ፣ አሮጌው ኮለም አሁንም እየተጻፈበት ስለሆነ ምንም አይጠፋም። አምስተኛ አሮጌው ላይ መጻፉን ታቆማለህ፣ እሱ ሁሉም ሰርቨር ላይ መድረሱን ካረጋገጥክ በኋላ ኮለሙን ታጠፋለህ።

የሌሊት_ዲፕሎይ

ኮለሙን የምታጠፋበትን ፒአር አርብ ማታ እንዳታመጣብኝ ብቻ። እና ሶስተኛው ላይ ከማዛወርህ በፊት አሮጌው ኮለም ውስጥ ምን እንዳለ እይ፣ ባዶ ጽሁፍ፣ «የለውም» የሚል፣ በኮማ የተለዩ ሁለት ቁጥሮች፣ ይሄ ሁሉ ይጠብቅሃል። ስንት አይነት እንዳለ ቆጥረህ እዚህ ለጥፈው ስክሪፕቱን አብረን እናየዋለን

ሀ_ብሎ_ኮደር

አሁን አየሁት። በኮማ የተለየ አለ፣ በስላሽ የተለየም አለ፣ አንዱ ላይ ኢሜይል ተጽፏል 😭

ሰላም_ኪውኤ

ደስ ይላል፣ የመጀመሪያዎቹን ሶስት ቴስቶችህን አገኘህ